ደረት ተከፍቶ ልብ ሲሰራ ህመሙን ከጀርባ መያዝ

(ይሄ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ለኮሚኒቲያችን ሰዎች ካደረኩት ንግግር ላይ በጽሁፍ የተዘጋጀ ነው። አንዳንድ ቦታ አስፋፍቼዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም አስገብቻለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ከዚህ ወጥታችሁ የማታ ስራ የምትገቡ ሁሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ስራዬ ማደንዘዣ ነው፣ የልብ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ። ዛሬ ግን ስለ ልቡ ብዙ አላወራም፣ ስለ ህመሙ ነው የማወራው። አባታችን ባይፓስ ሊሰራ ነው፣ እናታችን ቫልቭ ሊቀየርላት ነው ሲባል ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይተርፋል ወይ ነው፣ ማንም ሰው እሱን ነው የሚጠይቀው። ህመሙን የሚጠይቅ ግን በጣም ጥቂት ነው፣ ያው ያማል ይችለዋል ተብሎ ይታለፋል። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም ምክንያቱም ኦፕሬሽኑ በሰላም ካለቀ በኋላ ያሉት ሁለት ሶስት ቀናት እንዴት እንደሚያልፉ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ሰውየው በደንብ መሳል መቻሉ ነው። አዎ፣ መሳል።

እስቲ ምን እንደሚደረግ በግልጽ ልንገራችሁ። በተለመደው የልብ ቀዶ ጥገና የደረት አጥንት ከላይ እስከ ታች መሃል ለመሃል በመጋዝ ይከፈላል፣ ከዛ ሁለቱን ወገን ወደ ጎን የሚገፋ ብረት ይገባና ደረቱ ለሰዓታት እንደተከፈተ ይቆያል፣ ሲያልቅ አጥንቱ በማይዝግ ብረት ሽቦ ተጠምዝዞ ይታሰራል፣ ደምና ፈሳሽ እንዲወጣ ደግሞ ወፋፍራም ቱቦዎች ደረት ውስጥ ይቀራሉ። ባይፓስ ከሆነ፣ ማለትም ለተዘጋ የልብ ደም ስር በሌላ ደም ስር ማለፊያ ሲሰራ፣ ብዙ ጊዜ ደም ስር ከእግር ስለሚወሰድ እግርም ቁስል ይኖረዋል። ብዙ ሰው የሚገርመው ጀርባውን የሚያመው ነገር ነው፣ ደረቴን ቀደው ጀርባዬን ምን አደረጉኝ ይላሉ። ያ ብረት ደረቱን ሲከፍት የጎድን አጥንቶች ከኋላ ከአከርካሪ ጋር የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ስለሚወጠር ነው፣ ህመሙ እስከ ትከሻ ይደርሳል። ታካሚዎች ከሁሉም በላይ የሚጠሉት ግን ቱቦውን ነው፣ በተነፈሱ ቁጥር ይወጋቸዋል።

አሁን ሳንባውን አስቡት። ልቡ ቆሞ የልብ-ሳንባ ማሽኑ የሁለቱን ስራ ተክቶ በሚሰራበት ሰዓት ሳንባው አይነፋም፣ ተጨማዶ ነው የሚቆየው፣ ከዛ በኋላ እንደገና ሲነፋ የታችኛው ክፍል ቶሎ አይከፈትም። አክታም ይጠራቀማል። ሰውየው ሲነቃ በረጅሙ መተንፈስ አለበት፣ መሳል አለበት፣ በማግስቱ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ከዛ መራመድ። ደረቱን ካመመው ግን ምን ያደርጋል? ትንፋሹን ያሳጥራል። አይስልም፣ አይንቀሳቀስም፣ ዝም ብሎ ተኝቶ ኮርኒስ ያያል። አክታው እዛው ይቀመጣል፣ ሳንባው እንደተዘጋ ይቆያል፣ ከዛ ኒሞኒያ፣ የሳንባ ምች የምንለው፣ ይመጣል፣ ከዛ ምናልባት የመተንፈሻ ማሽኑ ላይ መመለስ። ህመም ልብንም ያስቸግራል፣ የልብ ምት ይጨምራል ደም ግፊት ይወጣል፣ ገና ተጠግኖ የወጣ ልብ ደግሞ ይሄ አያስፈልገውም። ስለዚህ ህመም ማስታገሻ ስንል ሰውየው እንዲመቸው ብቻ የሚደረግ ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት፣ የህክምናው አካል ነው።

እዚህ ጋር የኛን ሰው አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። ነርሷ ገብታ ከ0 እስከ 10 ህመምዎ ስንት ነው ብላ ትጠይቃለች። የኛ አባትና እናት ምን እንደሚሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ተመስገን ደህና ነኝ። ፊታቸው ተጨማዷል፣ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ግን ደህና ነኝ። ማማረር ነውር ነው፣ ከሞት አትርፎኝ ደግሞ አመመኝ ልበል ወይ ነው ነገሩ፣ ልጆቼም ይጨነቃሉ ብለው ያስባሉ። ይሄን ጨዋነት በጣም ነው የማከብረው። ግን ነርሷ የምትጽፈው የነገሯትን ነው፣ ዜሮ ከተባለች ዜሮ ትጽፋለች፣ መድሃኒቱም አይመጣም። እኔ የምመክራችሁ ቁጥሩን ትታችሁ ስራውን ጠይቁ ነው። አባባ እስቲ ይሳሉ በሏቸው። መሳል ካልቻሉ፣ ወይ ጀምረው ከቆሙ፣ ያን ለነርሷ ንገሯት፣ ህመሙ መሳል ከልክሎታል በሏት፣ ያኔ ወዲያው ይገባታል። ደግሞ የፌደራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በስልክም በቪዲዮም ይሁን፣ አማርኛ አለ፣ ጠይቁ። የ12 አመት ልጅ ለአያቱ እንዲያስተረጉም አታድርጉት፣ ለልጁም ከባድ ነው፣ አያትየውም በልጅ ፊት እውነቱን አይናገሩም።

እሺ ወደ መድሃኒቱ ልግባ። ዛሬ በተለይ የመጣሁበት ነገር በጀርባ በኩል የሚሰጥ ሞርፊን ነው።

ድሮ እንዴት ነበር የሚሰራው ካላችሁ፣ በ1969 ቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሎውንስታይን የሚባሉ ሀኪምና ባልደረቦቻቸው የልብ በሽተኞችን በከፍተኛ መጠን ሞርፊን በደም ስር እየሰጡ ማደንዘዝ እንደሚቻል ጻፉ፣ በኪሎ ከግማሽ እስከ 3 ሚሊግራም። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው ከፍተኛው መጠን ከ200 ሚሊግራም በላይ ማለት ነው። ጥሩነቱ የደከመ ልብ እንኳን በደንብ ይችለዋል፣ ግፊቱ ብዙም አይወርድም፣ ያኔ ትልቅ ነገር ነበር። ችግሩ ሰውየው አይተነፍስም፣ ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ላይ ነው የሚያድረው። በኋላ ፌንታኒል በሞርፊን ቦታ ገባ ግን ሀሳቡ ያው ነበር፣ ብዙ ኦፒዮይድ (የሞርፊን ቤተሰብ የሆነ መድሃኒት)፣ ረጅም እንቅልፍ፣ ረጅም ማሽን። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግን ሀሳቡ ተቀየረ፣ ሰው በቶሎ ይንቃ፣ ቱቦው ከጉሮሮው በቶሎ ይውጣ ተባለ። በ2019 የወጣው የልብ ቀዶ ጥገና ማገገሚያ መመሪያም ይሄንኑ ነው የሚለው፣ በተቻለ መጠን ከኦፕሬሽኑ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ቱቦው ይውጣ፣ ህመሙም ኦፒዮይድ በማያበዛ መንገድ ይያዝ። እና ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል፣ ሰውየው ነቅቶ በራሱ እንዲተነፍስ ትፈልጋለህ፣ ደረቱ ደግሞ ዛሬ ነው በመጋዝ የተከፈተው። በደም ስር ብዙ ሞርፊን ከሰጠኸው ይተኛል፣ ካልሰጠኸው ያመዋል።

መልሱ ሊገኝ የሚችልበት አንዱ ቦታ ህብለ ሰረሰር ነው። በ1973 ተመራማሪዎች ኦፒዮይድ የሚይዝበት ልዩ ቦታ፣ ሪሴፕተር የምንለው፣ ነርቭ ላይ እንዳለ አረጋገጡ። በ1976 ያክሽ እና ሩዲ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አይጦች ላይ ሞርፊኑን በቀጥታ ህብለ ሰረሰሩ አካባቢ ሲሰጡት ህመም እንደሚያጠፋ አሳዩ፣ ማለትም አንጎልን ማደንዘዝ የግድ አይደለም ማለት ነው። በ1979 ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ዋንግ እና ባልደረቦቹ በካንሰር ህመም የሚሰቃዩ 8 ሰዎች ላይ በጀርባ መርፌ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊግራም ሰጡ፣ ህመሙ ለብዙ ሰዓታት ተያዘላቸው። በዓመቱ በ1980 ማቲውስ እና ኤብራምስ ላንሴት በሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ የልብ ቀዶ ጥገና በሽተኞች ላይ እንደሞከሩት ጻፉ። ከአይጥ ወደ ልብ ኦፕሬሽን 4 አመት ብቻ፣ ይሄ ፍጥነት ሁሌ ይገርመኛል።

እንዴት ነው የሚሰራው? ከደረት የሚመጣው የህመም መልእክት በነርቭ አድርጎ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይገባል፣ እዛ በኋለኛው ክፍሉ ላይ ለሚቀጥለው ነርቭ ያቀብላል፣ እሱ ነው ወደ አንጎል የሚወስደው። ሞርፊኑ ያቺን የመቀባበያ ቦታ ነው የሚይዛት። ከሚያቀብለው ነርቭ ላይ ሰብስታንስ ፒ እና ግሉታሜት የሚባሉት ኬሚካሎች እንዳይለቀቁ ይቀንሳል፣ የሚቀበለውንም ያቀዘቅዘዋል። ሌላው ስሜት አይነካም። እዚህ ላይ እናቶች በደንብ ስሙኝ፣ በሲ-ሴክሽን የወለዳችሁ ብዙዎቻችሁ የጀርባ ማደንዘዣ ታውቃላችሁ፣ ከወገብ በታች ደንዝዞ እግር አልታዘዝ ሲል፣ ግፊት ሲወርድ። ያ በዋናነት ቡፒቫኬይን የሚባለው መድሃኒት ነው፣ ነርቩን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ። ሞርፊን ብቻውን ሲሰጥ እግር አይደነዝዝም፣ ግፊትም እንደዛ አይጥልም። ለልብ በሽተኛ ይሄ በጣም ትልቅ ልዩነት ነው።

መጠኑን ተመልከቱ ደግሞ። በተለምዶ የምንጠቀምበት ስሌት በደም ስር 10 ሚሊግራም የሚሰራውን በጀርባ 0.1 ሚሊግራም ይሰራዋል የሚል ነው፣ መቶ እጥፍ ማነስ ማለት ነው። ለልብ ቀዶ ጥገና ዛሬ ብዙ ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ገደማ ነው የሚሰጠው፣ እንደ እድሜውና ክብደቱ። የ1980ዎቹ ሰዎች ግን ከ1.5 እስከ 4 ሚሊግራም ይሰጡ ነበር፣ ህመሙ ከአንድ ቀን በላይ ይጠፋል ግን ትንፋሹንም ይዞት ይሄዳል። በ1990ዎቹ መጨረሻም ቺካጎ አካባቢ ቼኒ የሚባል ሀኪም በኪሎ 10 ማይክሮግራም (70 ኪሎ ለሆነ ሰው 0.7 ሚሊግራም) ሲሰጥ አንዳንድ ሰዎች ላይ የጉሮሮው ቱቦ የሚወጣበት ሰዓት እንደሚዘገይ አየ። ከዛ ወዲህ መጠኑ እየወረደ እየወረደ መጣ። ይሄን የምነግራችሁ መድሃኒቱ ጥሩ ወይ መጥፎ የሚሆነው በመጠኑ ስለሆነ ነው፣ አንድ ሰው ጎረቤቴ ተሰጥቶት ትንፋሹ ጠፋ ቢላችሁ ስንት ተሰጠው ማንስ ይጠብቀው ነበር ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ለምን ሞርፊን ሆነ ፌንታኒል አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ፌንታኒል ቅባት ይወዳል፣ እንደገባ እዛው አካባቢ ነርቩ ውስጥና ስቡ ውስጥ ይሰምጣል፣ ቶሎ ይሰራል ግን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ነው እድሜው። ሞርፊን ደግሞ ውሃ ስለሚወድ ህብለ ሰረሰሩን የከበበው ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል፣ ቀስ ብሎም ወደ ላይ ይወጣል። ወገብ ላይ ነው የሚሰጠው ግን ደረት ድረስ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ለመጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ኦፕሬሽኑ ራሱ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ችግር የለውም፣ ሰውየው ሲነቃ መድሃኒቱ ስራ ላይ ነው። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፣ በጣም የሚያመው ያ የመጀመሪያው ቀን ነው ደግሞ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው፣ ጠዋት ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ ከመተኛቱ በፊት ሰውየው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትራስ አቅፎ ጎንበስ ይላል፣ ጀርባው ይጸዳል፣ ቆዳው ይደነዝዛል፣ ከዛ በጣም ቀጭን መርፌ ወገብ ላይ በሁለት አከርካሪዎች መሃል ይገባል። ጥቂት ደቂቃ ነው። መርፌው ወጥቶ ያልቃል፣ የሚቀር ቱቦ የለም። ሞርፊኑ ግን ማቆያ ኬሚካል የሌለበት መሆን አለበት፣ ለደም ስር የሚሆነው ሁሉ ለጀርባ አይሆንም።

ሽባ ያደርጋል ወይ? ይሄ ፍርሃት የኛ ሰው ላይ በጣም አለ፣ ሀገር ቤትም እዚህም። የአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው የመጀመሪያውና የሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው፣ መርፌው የሚገባው ከዛ በታች ነው፣ ብዙ ጊዜ በ3ኛና 4ኛ መሃል ወይ በ4ኛና 5ኛ መሃል። እዛ ያሉት ፈሳሹ ውስጥ የተንሳፈፉ የነርቭ ዘንጎች ናቸው። እውነተኛው ስጋት ሌላ ነው፣ እሱም ደም ነው። የልብ-ሳንባ ማሽን ላይ ለመግባት ሄፓሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ በጣም በብዛት ይሰጣል። መርፌው የነካት ትንሽ ደም ስር ካለች እና ደሙ ከቀጠነ አከርካሪው ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ነርቮቹን ሊጫን ይችላል። በጣም በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው ግን ከተከሰተ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ህግ አለን። ከመርፌው እስከ ሄፓሪኑ ቢያንስ 1 ሰዓት እንጠብቃለን። መርፌው ደም ካመጣ ኦፕሬሽኑን ለ24 ሰዓት ማዘግየት ራሱ ይታሰባል። እንደ ዋርፋሪን፣ ፕላቪክስ፣ ኤሊኪውስ ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በቂ ቀን ካላቆመና ደሙ ወደ ልኩ ካልተመለሰ በጀርባ አይወጋም፣ በቃ። ድንገተኛ ኦፕሬሽን ከሆነም እንደዛው።

እና እባካችሁ የምትወስዱትን መድሃኒት ሁሉ ተናገሩ፣ ከሀገር ቤት በሰው እጅ የመጣውንም ጭምር፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ። በራሳችሁ ግን ምንም እንዳታቆሙ፣ ስቴንት (የልብ ደም ስር እንዳይዘጋ የሚገባ ትንሽ ቱቦ) ያለው ወይ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ደም ማቅጠኛ በራሱ ፈቃድ ካቆመ ህይወቱን ሊያጣ ይችላል፣ መቼ እንደሚቆም የሚነግሯችሁ ሰርጀኑና የልብ ሀኪሙ ናቸው። ሌላም ነገር አስታውሱ፣ ሞርፊኑ እግር ስለማያደነዝዝ ታካሚው ከነቃ በኋላ እግሬ ከበደኝ አልታዘዝ አለኝ ካለ መድሃኒቱ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ በዛው ደቂቃ ነርስ ይጠራ፣ የሚቆጠረው ሰዓት ነው።

ሌሎቹ ጉዳቶች የበለጠ የተለመዱ ናቸው። ማሳከክ አለ፣ በተለይ ፊት ላይና አፍንጫ ላይ፣ ሰውየው አፍንጫውን ሲያክ ይውላል። አለርጂ አይደለም፣ ሞርፊኑ በህብለ ሰረሰር በኩል የሚያመጣው ነው፣ መድሃኒት አለው። ማቅለሽለሽና ማስታወክ አለ፣ ለሱም ይሰጣል። ሽንት አልወጣ ማለትም አለ፣ የልብ በሽተኛ ግን የመጀመሪያው ቀን ካቴተር፣ የሽንት ቱቦ፣ ስላለው ብዙም አይታይም።

ዋናው የትንፋሹ ጉዳይ ነው። ቅድም ሞርፊኑ በፈሳሹ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል አላልኩም፣ አንጎል ስር ትንፋሽን የሚያዘው ቦታ ላይ የሚደርሰው ከተሰጠ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ማለትም ጠዋት የተሰጠ መድሃኒት ማታ፣ ሁሉም ሰው ተመስገን አለፈ ብሎ በተረጋጋበት ሰዓት ትንፋሹን ሊያዘገየው ይችላል። ለዚህ ነው 24 ሰዓት ክትትል የሚደረገው፣ መጀመሪያ 12 ሰዓት በየሰዓቱ፣ ቀጥሎ በየ2 ሰዓቱ፣ ትንፋሹ ስንት ነው፣ ኦክስጅኑ ስንት ነው፣ ሲጠሩት ይነቃል ወይ። ነርሷ ሌሊት መጥታ አባታችሁን ስትቀሰቅስ አትቆጧት፣ ተዉት ይተኛበት አትበሉ። ችግር ከመጣ የሞርፊኑን ስራ የሚቀለብስ ናሎክሶን የሚባል መድሃኒት አለ፣ ይመልሰዋል፣ ግን ያየ ሰው ሲኖር ነው። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሰው፣ ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው፣ ካለባችሁ ወይ ሚስትየው ሌሊት እየታፈነ ያንኮራፋል ካለች ቀድማችሁ ንገሩን፣ ለሱ መጠኑም ይቀንሳል ወይ ይቀራል።

በዚሁ ላይ ፍቅር ስላለበት የሚከብደኝን ነገር ልናገር። አንዳንድ ታካሚ ሲያመው ራሱ የሚጫናት ቁልፍ ይሰጠዋል፣ ሲጫን ትንሽ መድሃኒት በደም ስር ይገባል። የዚህች ቁልፍ ደህንነቷ ሰውየው ራሱ መጫኑ ላይ ነው፣ ከተኛ አይጫንም፣ ካልተጫነ አይገባም። የኛ ልጆች ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብለው አባቴ እንዳያመው ብለው እሱ ተኝቶ እያለ ይጫኑለታል። በእግዚአብሔር፣ እንዳታደርጉት። ጀርባ ላይ ሞርፊን ያለው ሰው ሲሆን ደግሞ በላዩ ላይ መጨመር በጣም አደገኛ ነው።

ከቦርሳ አውጥቶ አድቪል መስጠትም እንደዛው። አይቡፕሮፌን (አድቪል ማለት እሱ ነው)፣ ዲክሎፌናክ፣ ሀገር ቤት ለሁሉም ነገር የምንውጣት ዲክሎፌናክ፣ ከባይፓስ በኋላ ለሚመጣ ህመም የተከለከሉ ናቸው፣ ልብና አንጎል ላይ ጉዳት ያመጣሉ፣ የአሜሪካ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያውን ሳጥኑ ላይ አስጽፎበታል። ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) ይሻላል፣ ግን እሱም ነርሷ እየሰጠች ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ።

አሁን ስለ ጥቅሙ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መድሃኒቱን ስለምወደው አጋንኜ መናገር አልፈልግም። በ2004 እና በ2009 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ያዩ ሰዎች አሉ። በጀርባ ሞርፊን የተሰጣቸው የልብ ቀዶ ጥገና ታካሚዎች ህመማቸው ይቀንሳል፣ በደም ስር የሚወስዱት ሞርፊንም ይቀንሳል። የሞት ቁጥር ግን አልቀነሰም፣ ሃርት አታክም አልቀነሰም። ማሳከኩ ጨምሯል። ስለዚህ ይሄን ካልሰጣችሁን አባታችን ይሞታል ብላችሁ ከሀኪም ጋር እንድትጣሉ አልፈልግም። ብዙ ጎበዝ የልብ ማዕከሎች የሄፓሪኑን ነገር ስለሚፈሩ ጨርሶ አይጠቀሙበትም፣ በአልትራሳውንድ እያዩ ደረት ጎን ላይ ወይ ጀርባ ጡንቻው ስር ነርቭ ማደንዘዣ ይሰጣሉ፣ እሱም እየተስፋፋ ያለ ጥሩ መንገድ ነው። ታይሌኖል በሰዓቱ፣ የነርቭ ማደንዘዣ፣ ትንሽ ኦፒዮይድ፣ ሁሉም በየድርሻው። የኔ አቋም ግን ግልጽ ነው፣ የሞት ቁጥር አልቀነሰም ተብሎ የመጀመሪያዋ ሌሊት ስቃይ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። ሌሊቱን ሳይሰቃይ ያደረ ሰው ጠዋት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያቺን የፕላስቲክ መተንፈሻ መለማመጃ እየሳበ ሳገኘው ስራችን ትርጉም አለው እላለሁ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ፣ ዋና ዋናዎቹን ላስቀምጥ።

አንድ ወንድማችን እህቱ ሀገር ቤት የቫልቭ ኦፕሬሽን ወረፋ እየጠበቀች እንደሆነ ነግሮን እዛስ ይሄ ይሰራል ወይ አለ። እንደምታውቁት በኢትዮጵያ ብዙ ወጣት ልቡን የሚታመመው በልጅነት የጉሮሮ ህመም ከሚጀምረው የሩማቲክ በሽታ ነው፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል በዶክተር በላይ አበጋዝና በህጻናት የልብ ፈንድ ጥረት በ2009 እንደ ፈረንጆቹ ስራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ልጆች ሀገር ውስጥ መሰራት ችለዋል። የሩማቲክ ቫልቭ በሽተኛ ብዙ ጊዜ ዋርፋሪን ላይ ስለሚሆን ከኦፕሬሽኑ በፊት ስለ ጀርባ መርፌ ሲወራ መጀመሪያ የሚታየው የደሙ ምርመራ ነው። መድሃኒቱ ራሱ ርካሽ ነው። ውዱ ነገር 24 ሰዓት አጠገብ ሆኖ ትንፋሹን የሚቆጥር ነርስ ነው፣ ያ ክትትል በሌለበት ቦታ ባይሰጥ ይሻላል፣ እዚህ አሜሪካም ቢሆን። እህትህ ግን ከኦፕሬሽኑ በፊት ልትሰራው የምትችለው ነገር አለ፣ በረጅሙ መተንፈስና ትራስ ደረቷ ላይ አቅፋ መሳልን አሁን ትለማመድ፣ ቆስላ ከምትማረው ጤነኛ ሆና ብትማረው በጣም ይቀላል። ጥርሷንም ታሳይ፣ የታመመ ጥርስ ለአዲስ ቫልቭ ጠላት ነው።

አንዲት እናት ደግሞ ሞርፊን ሱስ ያስይዛል ይባላል፣ ልጄ አትውሰጂ ብሎኛል አሉ። እማማ፣ ልጅዎ በዚህ ሀገር ያየውን አይቶ ነው የፈራው፣ አልፈርድበትም። በጀርባ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ከግማሽ ሚሊግራም የማይበልጥ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም። መጠንቀቅ ያለብን ቤት ይዘነው የምንሄደው ክኒን ላይ ነው፣ በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከዚህ በፊት ኦፒዮይድ ወስደው የማያውቁ የባይፓስ ታካሚዎች ውስጥ ከ10 አንዱ ገደማ ከ3 ወር በኋላም እየወሰዱ እንደነበር አሳይቷል፣ ሲወጡ ብዙ የታዘዘላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ይበልጣል። ስለዚህ ለስንት ቀን ነው ብለው ይጠይቁ፣ ጥቂት ያስጽፉ፣ የተረፈውን ፋርማሲ ይመልሱ፣ ጓዳ ውስጥ ለሌላ ጊዜ ይሆናል ብለው አያስቀምጡ፣ ለእንግዳም አይስጡ። ግን ያመመውን ሰው ሱስ ፈርተን እናሰቃየው የሚለውን ደግሞ አልቀበልም።

የመጨረሻው ጥያቄ ህመሙ እስከ መቼ ነው የሚል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀን ይበረታል፣ የደረቱ ቱቦ ሲወጣ ብዙ ሰው እፎይ ይላል፣ ከዛ በየቀኑ ይቀንሳል። አጥንቱ በደንብ ለመያያዝ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፣ እስከዛ ከባድ ነገር ማንሳት የለም፣ የልጅ ልጅንም ጭምር፣ ከአልጋ ሲነሱም በአንድ እጅ ተመርኩዞ መነሳት የለም። ከ3 ወር በኋላ ደረቱ አካባቢ የሚያቃጥል፣ የሚነዝር፣ ልብስ ሲነካው የሚያም ነገር ከቀረ የነርቭ ህመም ሊሆን ይችላል፣ ለሱ የተለየ መድሃኒት አለ፣ ደህና ነኝ ብሎ አመት መቀመጥ አያስፈልግም። ቁስሉ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይ ሲስሉና ሲንቀሳቀሱ የደረት አጥንቱ ቀጭ ቀጭ ካለ ግን የቀጠሮ ቀን አትጠብቁ፣ በዛው ቀን ሰርጀኑ ጋ ደውሉ።